እፍኝ ውኃ በሚዛን ላይ፦ የተአምር ትረካና የውስጥ ብርታት

ከወረታ ከተማ በስተ ደቡብ፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ፣ ዋንዛዬ የሚባል ፍል ውኃ አለ። ቁርጥማት ያሰረው፣ ቆዳው የቆሰለ፣ መድኃኒት የሰለቸው ሰው ከፎገራ ሜዳና ከደራ፣ ከዚያም ራቅ ካለ አገር ወደዚህ ውኃ ይመጣል። ከምድር ሆድ ፈልቶ የሚወጣውን ውኃ የሥነ ምድር ባለሙያ በሙያው ቋንቋ ያስረዳዋል፤ ምእመኑ በበኩሉ ጠበል ብሎ ይጠራዋል። ለሥነ ጽሑፍ ሂስ የሚቀርበው ጉዳይ ግን ከሁለቱም ለየት ይላል። ሕመምተኛ በውኃ ዳር ብቻውን አይቀመጥም። በየጠበሉ ሥፍራ እንደ ተለመደው ከጎኑ ሌላ ሕመምተኛ አለ፤ በሁለቱም መካከል ትረካ አለ። ማን እንዴት እንደ ዳነ፣ ማን በሕልሙ ምን እንዳየ፣ የትኛው ቅዱስ በምን ፈረስ እንደ ደረሰለት ይተረካል። ሰሚው ገና አልዳነም፤ ቢሆንም ቀና ብሎ ይቀመጣል። ከውኃው ያገኘው ነገር ቢኖር ባይኖር፣ ከትረካው ያገኘው ነገር እንዳለ ፊቱ ይመሰክራል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ዐይን ያላየውን የሚተርክ ጽሑፍ ለሰው ልብ ብርታት የሚሰጠው በምን መንገድ ነው? ለዚህ ጥያቄ በኢትዮጵያ የሂስ መድረክ ሁለት መልሶች ሲሰነዘሩ ኖረዋል። አንደኛው መልስ፣ በተለይም በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. ጎልቶ የተሰማው፣ ተአምርንም ተረትንም በአንድ ሙቀጫ አስገብቶ ማደንዘዣ ናቸው የሚለው ነው። በዚህ አመለካከት መሠረት ሰማይ የሚያሳይ ትረካ ምድርን ያስረሳል፤ ስለዚህም የሚሰጠው ብርታት የሐሰት ብርታት ነው። ሁለተኛው መልስ ደግሞ ተአምር ምስክርነት ስለሆነ በኪነ ጥበብ ሚዛን ሊመዘን አይገባውም ይላል። ሁለቱ መልሶች እርስ በርስ የሚጣሉ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሁለቱም ጽሑፉን አያነቡትም። አንደኛው ሳያነብ ይጥለዋል፤ ሌላው ሳያነብ ይሳለመዋል። የሂስ ተግባር ግን ማንበብ ነው።

ለማንበብ ከመነሳት በፊት አንድ ቃል መመርመር ይገባል። የአማርኛ ተናጋሪ ለፈጠራ ድርሰት ያለው ስም «ልብ ወለድ» ነው። ይህ ስም የተወረሰው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ካሳተሙትና በኋላ «ጦቢያ» በሚል ርእስ ከታወቀው «ልብ ወለድ ታሪክ» ከተባለው መጽሐፋቸው ነው። ቃሉ ራሱ ብዙ ይናገራል። ከልብ የተወለደ ማለት ከንቱ ወይም ሐሰት ማለት አይደለም። የተወለደ ነገር አባትና እናት አለው፤ ሥጋና አጥንት ከእነርሱ ይወርሳል። ምናብም እንዲሁ ነው። ደራሲው በዐይኑ ያላየውን ዘንዶ ሲስል፣ ዘንዶውን የሚሠራው ካየው እባብ፣ ከፈራው ጨለማ፣ ከሰማው ጩኸት ነው። ስለሆነም ስለ ምናባዊ ድርሰት የሚጠየቀው ትልቁ ጥያቄ «ይህ ነገር በእውን ሆኗልን?» የሚል ብቻ ሊሆን አይችልም። «ከየትኛው ልብ ተወለደ? የሰሚውንስ ልብ ወዴት ይመራዋል?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ሊነሳ ይገባል።

በጣና ዙሪያ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መፈተኛ ይሆናል። ይኸውም የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ታሪኩ የሚገኘው በተአምረ ማርያም ውስጥ ነው። ተአምረ ማርያም በምዕራብ አውሮጳ በተሰበሰቡ ተአምራት ጀምሮ፣ በዐረብኛ በኩል አልፎ፣ በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ ማለትም በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ ገደማ፣ ወደ ግዕዝ የገባ መጽሐፍ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ሥርዓት ሠሩለት። የኢትዮጵያ ሊቃውንትም በጊዜ ብዛት የራሳቸውን አገር ተአምራት እየጨመሩ አሰፉት። የበላዔ ሰብእ ታሪክ የካቲት 16 ቀን ከሚከበረው ከኪዳነ ምሕረት በዓል ጋር ተያይዞ የሚታወቅ ሲሆን፣ ማንበብ የማይችለው ገበሬ እንኳ ከነዝርዝሩ ያውቀዋል።

የትረካው ሴራ እንዲህ ይጀምራል። በቅምር አገር ስምዖን የሚባል ሀብታም ሰው ነበረ። እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበረ። ሰይጣን በመልካምነቱ ቀንቶ እንግዳ መስሎ ወደ ቤቱ ገባ፤ ያቀረበለትን ፍሪዳ ንቆ ልጁን እንዲያርድለት ጠየቀው። ስምዖን የአብርሃም ፈተና የደረሰበት መስሎት ልጁን አረደ፤ እንግዳው አስቀድሞ እርሱ ራሱ እንዲቀምስ አዘዘው። ከቀመሰ በኋላ ሰውነቱ ተለወጠ፤ ከሰው ሥጋ በቀር የማይበላ ሆነ። የቤቱን ሰዎች ጨርሶ ወደ ሌላ አገር ወጣ፤ የበላው ሰው ቁጥርም 78 ደረሰ። ከዕለታት አንድ ቀን በመንገድ ዳር በለምጽ የተመታ ድኻ ውኃ ለመነው። ድኻው በእግዚአብሔር ስም ለመነው፤ በቅዱሳን ስም ለመነው፤ አልሰማውም። በማርያም ስም ሲለምነው ግን ልቡ ደነገጠ፤ አንድ እፍኝ ውኃም ሰጠው። ሞቶ ነፍሱ በሚዛን ላይ በቀረበች ጊዜ 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ያቺ እፍኝ ውኃ በሌላው ወገን ተቀመጡ። የእመቤታችን ጥላ ባረፈባት ጊዜ ውኃይቱ አዘነበለች።

ይህንን ታሪክ በጥሞና የሚያነብ ሰው አስቀድሞ የሚያስተውለው ነገር አለ። ትረካው የሚጀምረው በሐሰተኛ ራእይ ነው። የስምዖን ጥፋት የመጣው ከእምነት ማነስ አይደለም፤ ከችኩል አማኝነት ነው። ድንቅ ነገር በቤቱ ደጅ ቆሞ ሲያይ ድንቁ ከየት እንደመጣ አልመረመረም። ታላቅ መሥዋዕት ሲጠየቅ ታላቅ መሆኑን እንጂ ጨካኝ መሆኑን አላየም። በኦሪት ዘፍጥረት የአብርሃም እጅ በመጨረሻዋ ሰዓት ተይዟል፤ የስምዖንን እጅ የሚይዝ ግን አልመጣም። ተአምራትን ለሕዝብ የሚያነብ መጽሐፍ፣ በዚያው በመካከሉ፣ ተአምር መስሎ ስለመጣ ጥፋት ያስጠነቅቃል ማለት ነው። «ሁሉንም እመን» የሚል መጽሐፍ እንዲህ ያለ ታሪክ አይጽፍም። ማደንዘዣ ነው የሚለው ሂስ የሳተው ይህንን ነው።

ከዚህም የተነሳ ትረካው በሁለት ድንቆች መካከል የተዘረጋ ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያው ድንቅ ግርማ ያለው ነው፤ በክብር ይመጣል፣ ከማእድ በላይ ይቀመጣል፣ ደም ይጠይቃል። ሁለተኛው ድንቅ ግርማ የለውም፤ በቁስል ተሸፍኖ በመንገድ ዳር ይቀመጣል፣ ውኃ ይጠይቃል። ሰሚው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ራሱ ፈራጅ ይሆናል። መምህር ሳይነግረው፣ ስብከት ሳይጨመርበት፣ ከሰማይ የሆነው ጥያቄ የትኛው እንደሆነ ያውቃል። የቅርጹ ጥበብ ይህ ነው። ትረካው ትምህርቱን በቃል አይናገርም፤ በአቀማመጥ ያሳያል። ጭብጡን ከሴራው ነጥሎ ማውጣት የማይቻልበት ድርሰት የበሰለ ድርሰት ነው፤ በዚህ መመዘኛ የበላዔ ሰብእ ታሪክ በግዕዝ ከተጻፉ ትረካዎች መካከል በከፍተኛው ደረጃ የሚመደብ ነው።

ስለ ውስጣዊ ብርታት የሚነሳው ነገርም ከዚሁ ይመነጫል። ይህ ታሪክ ለሰሚው የሚሰጠው ብርታት የኀያል ብርታት አይደለም። ባለታሪኩ ዘንዶ አልገደለም፤ ሠራዊት አልመለሰም፤ ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን እንኳ አላሸነፈም። ሰሚው በበላዔ ሰብእ ውስጥ የሚያየው ጀግና የለም። የሚያየው ሙሉ በሙሉ ያልሞተ ነገር ነው። 78 ሰው የበላ ልብ ውስጥ እንኳ በአንድ ስም የሚደነግጥ ጥቂት ሥፍራ ቀርታ ነበር። ይህንን የሰማ ድኻ፣ ይህንን የሰማ በደለኛ፣ ይህንን የሰማ ተስፋ የቆረጠ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚጠይቀው «መቼ ኀያል እሆናለሁ?» ብሎ አይደለም፤ «በእጄ ያለች እፍኝ ውኃ የት አለች?» ብሎ ነው። ጥያቄው ትንሽ ስለሆነ ሊመለስ ይችላል። ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ደግሞ ሰውን ያቆመዋል።

ይህ ነጥብ ይበልጥ ግልጽ እንዲሆን ከጣና ማዶ የተወለደውን ሌላ ድርሰት አጠገቡ ማቆም ይጠቅማል። የፎገራ ሜዳ በሐይቁ በስተ ምሥራቅ የተነጠፈ ሲሆን፣ በስተ ደቡብ ምዕራብ የዘጌ ባሕረ ገብ ምድር ይገኛል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1868 የተወለዱት በዚያ ነው። የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የመሰሉ ባለሥዕል አብያተ ክርስቲያናት በሚገኙበት ምድር ያደገ ሰው ምናቡ በቅዱሳንና በዘንዶ ታሪክ መታነጹ አያጠራጥርም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሆነው መጽሐፋቸውም ክርስቲያናዊ የድንቅ ታሪክ ነው። የክርስቲያኖች የጦር አለቃ በአረማውያን ይሸነፋል፣ ይማረካልም። አንድ ደግ ነጋዴ ዋጋ ሳይፈልግ ነጻ ያወጣዋል። ልጁ ዋሕድ ውለታውን ለመክፈል ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣል፤ መንታ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትከተላለች። በመጨረሻም አረማዊው ንጉሥ በጦቢያ ፍቅር ተሸንፎ ክርስትናን ይቀበላል፤ ያገባታልም።

በዚህ ድርሰት ውስጥ ጥንካሬም ድካምም አለ። ጥንካሬው ነጋዴው ነው። ይህ ገጸ ባሕርይ የሰጠው ስጦታ መላውን ሴራ የሚያንቀሳቅስ ምንጭ ነው፤ እርሱ ባያዝን ኖሮ ዋሕድ ከቤቱ አይወጣም ነበር፣ ጦቢያም ልብሷን አትለውጥም ነበር። ስም የሌለው ቸርነት የብዙ ሰዎችን ዕድል ሲለውጥ ማየት ከእፍኟ ውኃ ታሪክ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። ድካሙ ደግሞ ክፋትን ከውጭ ብቻ ማስቀመጡ ነው። በ«ጦቢያ» ውስጥ ክፉው ወዲያ ማዶ ነው፤ የጠመቀው ለት፣ ያገባው ለት ያበቃል። ክርስቲያን የሆነው ወገን የራሱን ልብ እንዲመረምር የሚያስገድደው ነገር እምብዛም አይገጥመውም። መጨረሻውም በሠርግና በድል ስለሚዘጋ አንባቢው ደስ ብሎት መጽሐፉን ያጥፋል እንጂ አብሮት ወደ ቤት የሚሄድ ጥያቄ አያገኝም። ደስታና ብርታት አንድ አይደሉም። ይህ አስተያየት የአፈወርቅን ታላቅነት አይቀንስም፤ ያለ ፈለግ መንገድ የቀደዱ ደራሲ ናቸውና። ዳሩ ግን በዕድሜ የገፋው የግዕዝ ትረካ ከአዲሱ ልብ ወለድ ይልቅ ወደ ሰው ውስጥ ጠልቆ መግባቱ ሊታለፍ የማይገባው ሐቅ ነው።

ተመሳሳይ ነገር በሌላው ዓለም ሲታይ ነጥቡ ይጠነክራል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት የምናባዊ ድርሰትን ፈር የቀየሱት ሁለት ብሪታንያዊ ጸሐፊዎች፣ ቶልኪንና ሲ. ኤስ. ሉዊስ፣ ሁለቱም ክርስቲያኖች፣ ሁለቱም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ የነበሩ ወታደሮች፣ ሁለቱም የኦክስፎርድ መምህራን ነበሩ። ሉዊስ በወጣትነቱ እምነቱን ጥሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1931 አንድ ሌሊት ከቶልኪንና ከሌላ ወዳጃቸው ጋር በኮሌጁ አጸድ ውስጥ እየተመላለሱ ስለ አፈ ታሪክ ተነጋገሩ። ሉዊስ የጥንት አፈ ታሪኮችን ሲያነብ ልቡ እንደሚነካ፣ በወንጌል ያለውን ግን መቀበል እንደሚሳነው ይናገር ነበር። ቶልኪን አፈ ታሪክ ከንቱ ውሸት አይደለም፤ የእውነት ፍንጣሪ አለበት፤ ወንጌል ደግሞ በእውን የሆነ የዚያ ዓይነት ታሪክ ነው ሲል ሞገተው። ሉዊስ ከጥቂት ቀን በኋላ ክርስቲያን መሆኑን ለወዳጁ ጻፈ። ምናብ እምነትን ያፈርሳል ብለው ለሚፈሩ ምእመናንም፣ እምነት ምናብን ያደርቃል ብለው ለሚያስቡ አርቲስቶችም ይህ ምሳሌ ብዙ የሚያስተምር ነው።

ከዚያ በኋላ የጻፏቸው ድርሰቶች ከበላዔ ሰብእ ጋር የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣው የሉዊስ የመጀመሪያ የናርንያ መጽሐፍ ውስጥ ኤድመንድ የተባለው ልጅ ለጣፋጭ ምግብ ሲል ወንድሙንና እኅቶቹን አሳልፎ ይሰጣል፤ አንበሳው አስላን በእርሱ ፈንታ ይሞታል። ክፉውን በር የከፈተው አንድ ጉርሻ ነው፤ ስምዖንንም ያጠፋው አንድ ጉርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በታተመው የቶልኪን «የቀለበቶች ጌታ» ውስጥ ደግሞ ትንሹ ፍሮዶ የክፋትን ቀለበት ወደ እሳት ተራራ ተሸክሞ ይጓዛል። በመጨረሻዋ ሰዓት ግን ይሸነፋል፤ ቀለበቱን መጣል ያቅተዋል። ዓለም የሚድነው በጀግናው ጽናት ሳይሆን ቀደም ሲል ለአንድ ምስኪንና ክፉ ፍጡር፣ ለጎለም፣ በተደረገለት ምሕረት ነው፤ ያ ያልተገደለው ጎለም ቀለበቱን ከፍሮዶ ነጥቆ አብሮት ወደ እሳቱ ይወድቃልና። ከብዙ ገጽ ጦርነት በኋላ ሚዛኑን ያዘነበለችው ትንሽ ምሕረት ናት። ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1916 በሶም ጦር ሜዳ ነበረ፤ በዚያ ጦርነት ከቅርብ ወዳጆቹ አብዛኞቹን አጥቷል። የኀያል ድል ምን ያህል ሰው እንደሚበላ በዐይኑ ያየ ሰው ብርታትን ከሌላ ሥፍራ መፈለጉ አይገርምም።

በቅምርና በእሳት ተራራው መካከል የመዋዋስ ግንኙነት የለም። የጋራ ምንጭ ግን አለ። የሰናፍጭ ቅንጣት፣ የመበለቲቱ ሁለት ሳንቲም፣ ለታናናሾች የሚሰጥ የቀዝቃዛ ውኃ ጽዋ የሚገኙበት ወንጌል ለሁለቱም ምንጭ ነው። ጥቂቱ ከብዙው የሚበልጥበት ሥነ ስሌት ከዚያ የተቀዳ ነው። ልዩነታቸውም ቢሆን ትምህርት አለው። የእንግሊዙ መጽሐፍ በብቸኝነት፣ በመኝታ ቤት፣ በፋኖስ ወይም በአምፑል ብርሃን የሚነበብ ነው። ተአምሩ ግን በጉባኤ፣ ቆመው፣ በዜማ፣ በሕዝብ መካከል የሚሰማ ነው። ብቻውን ያነበበ ሰው ብርታቱን ብቻውን ይጠብቃል፤ በጉባኤ የሰማ ሰው ግን ሲደክም ያንኑ ታሪክ የሚያውቅ ጎረቤት አለው።

ለዚህ ጉባኤያዊ ምናብ የፎገራ ምድር የራሱ ታላቅ ምስክር አለው። በቀልዳቸውና በቅኔያቸው የሚታወቁት አለቃ ገብረ ሐና በፎገራ፣ በናበጋ ጊዮርጊስ እንደ ተወለዱ ይነገራል። ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ቢሆንም የተውት ቅርስ ከቀልድ ይበልጣል። በሊቃውንቱ ዘንድ እንደሚተረከው፣ የጣናን ሞገድ ሲንቀሳቀስ፣ በዳርቻው ያለው ደንገል በነፋስ ሲወዛወዝ ተመልክተው ለማሕሌት የሚሆን አዲስ የአቋቋም ሥርዓት ፈለሰፉ፤ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ በስሙም «የተክሌ አቋቋም» ተባለ። ደብረ ታቦርም የዚህ አቋቋም መዲና ሆነች። ካህኑ በማሕሌት ቆሞ መቋሚያውን ሲያወዛውዝ ሐይቁ ወደ ቤተ መቅደስ ገብቷል ማለት ነው። ምናብ ከእምነት ጋር ሲጋባ ከአገሩ ምድር እንደማይሸሽ፣ ይልቁንም የአገሩን ውኃና ሣር ወደ ጸሎት እንደሚያስገባ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ሌሊቱን ሙሉ የሚቆም ሰው ብርታቱ በሐሳብ ብቻ ያለ አይደለም፤ በጉልበቱ፣ በትንፋሹ፣ በአብሮ ቆሞው ትከሻ ላይ ያለ ነው።

እስከዚህ የተባለው ሁሉ ምስጋና ነው። ሂስ ግን በምስጋና ብቻ አያበቃም። የበላዔ ሰብእ ትረካ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። 78ቱ አይናገሩም። ስም የላቸውም፤ ፊት የላቸውም፤ በሚዛኑ ላይ የሚቀመጡት እንደ ክብደት እንጂ እንደ ሰው አይደለም። የታረደው ልጅ ምን አለ? ሚስቲቱ በመጨረሻዋ ሰዓት ማንን ጠራች? የማርያምን ስም አልጠራችምን? ትረካው ይህንን አይጠይቅም። የምሕረትን ስፋት ለማሳየት ሲል የተበደሉትን ዝም አሰኝቷል። በዚህም የተነሳ ታሪኩ በበደለኛው ልብ ውስጥ የሚሠራውን ያህል በተበደለው ልብ ውስጥ ላይሠራ ይችላል። ልጁን ያጣ ሰው እፍኝ ውኃይቱ ስትመዝን ሲሰማ መጽናናቱ ያጠራጥራል። መጽሐፉ ይህንን ባዶ ሥፍራ ትቶት አልፏል፤ ባዶው ሥፍራ ግን ለዛሬው ደራሲ፣ ለዛሬው ሠዓሊና ለዛሬው ተዋናይ የቀረ እርሻ ነው።

ጉዳዩ የቤተ መዘክር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል የሜዳውን የቅርብ ዓመታት ኑሮ ማስታወስ ይገባል። የፎገራ ገበሬ ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ፣ ከዐሥር ዓመት በላይ ደግሞ እምቦጭ የሐይቁን ዳር ሲወርረው የኖረ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደቡብ ጎንደር ድረስ ዘለቀ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ መጻሕፍት ከሕፃናት እጅ ራቁ። ልጅ ግን ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም ትረካ መስማቱን አያቆምም። ጥያቄው ማን ይተርክለታል፣ ምንስ ይተርክለታል የሚለው ነው። በእንዲህ ያለ ዘመን በየደጁ ግርማ ለብሶ የሚመጣ እንግዳ አይጠፋም። መልኩ ይለያያል፤ ታላቅ ዓላማ ይዤ መጥቻለሁ ይላል፤ በማእድ ራስ ይቀመጣል፤ የቀረበለትን ፍሪዳ ይንቃል፤ ልጁን ይጠይቃል። የስምዖን ታሪክ ገና በልጅነቱ ልቡ ውስጥ የገባ ሰው ይህንን እንግዳ የመለየት ዕድል አለው። ውስጣዊ ብርታት ማለትም ከሁሉ በፊት ይኸው መለየት ነው፤ ደም የሚጠይቀውን ድንቅ ከውኃ ጠያቂው ድንቅ ለይቶ፣ ለመጀመሪያው በሩን መዝጋት፣ ለሁለተኛው እጅን መዘርጋት።

ስለሆነም የመምህሩ ተግባር ተአምርን በክፍል ውስጥ ማሳለምም ማላገጥም አይደለም። ተማሪው ትረካውን እንደ ትረካ እንዲያነብ፣ ሁለቱን እንግዶች ጎን ለጎን እንዲያቆም፣ የዝምታውን ሥፍራም እንዲያገኝ ማገዝ ነው። የባህል ሠራተኛው ተግባር በየደብሩ ያለውን ሥዕልና በየጠበሉ የሚነገረውን ቃል ዝናብና ጦርነት ሳያጠፋው በጥንቃቄ መዝግቦ ማስቀመጥ ነው። የደራሲው ተግባር ከሁሉ ይከብዳል። የአማርኛ ምናባዊ ድርሰት የባዕድ አገር ጫካና በረዶ እስኪያውስ ድረስ ድኻ አይደለም። ፍል ውኃ የሚፈላበት ምድር፣ ደንገል የሚወዛወዝበት ሐይቅ፣ ሚዛን የተሳለበት ግድግዳ አለው። የጎደለው 78ቱን የሚያናግር ብዕር ነው። ልጁ ተነሥቶ ለአባቱ የሚናገርበትን ገጽ የሚጽፍ ደራሲ፣ ምሕረትን ሳያሳንስ በደልንም ሳይሸፍን፣ ለበደለኛውም ለተበደለውም የሚሆን ብርታት ሊያስገኝ ይችላል። ይህ ከጥንቱ ትረካ መውጣት ሳይሆን የጥንቱን ትረካ ወደ ፍጻሜው ማድረስ ነው።

በዋንዛዬ ውኃው ቀንም ሌሊትም ይፈላል። የሚመጣው ሰው ሁሉ ድኖ አይመለስም፤ ይህንን የሚመጡትም ያውቁታል። ሆኖም አንዱ ታጥቦ ሲወጣ ጉልበት ያጣው ሌላው ውኃው አጠገብ መድረስ ሲያቅተው፣ ቀድሞ የገባው ተመልሶ በእፍኙ ቀድቶ ያፈስለታል። ያንን ጊዜ ትረካው ከግድግዳ ወርዷል። በሚዛኑ ላይ የምትቀመጠውም ያቺው እፍኝ ናት።